አንድ በሽተኛ ይበቃል

ግንቦት 27፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡15

ዛሬም ጫማዬን ያሰረችልኝ ታደለች ናት። ባለቤቴ። የባዮሎጂ መምህር ተብዬ እንደ ሕፃን ጫማ ይታሰርልኝ! ጎንበስ ልበል ስል ወገቤ እምቢ ይላል። ጡረታ ልወጣ ወራት ሲቀሩኝ እሱ ቀድሞኝ ወጣ። ሰነፍ!

ታደለች አስራ ስትጨርስም ቶሎ አትነሳም። መቃኑን ይዛ፣ ቀስ ብላ። ክፍለ ጊዜ እየረፈደብኝ! ነገርኳት። ቦርሳዬን አቀበለችኝ።

ግንቦት 28፣ ሐሙስ

ት/ቤት። መምህራን ማረፊያ ክፍል ሁሉም ሐኪም ነው። የሒሳቡ ነጭ ሽንኩርት ተቀባ ይለኛል። የስፖርቱ መምህር፣ ቦርጩ ከሱ ቀድሞ በር የሚገባው፣ እንቅስቃሴ አድርግ ይላል። አንተ ደብተር፣ አንተ ብቻ ነህ ምክር የማትሰጠኝ። ሰኞ ሆስፒታል ቀጠሮ አለኝ።

ሰኔ 2፣ ሰኞ፣ ከሰዓት

ታደለችን ይዤ ሄድኩ፤ የራጁን ፖስታ እንድትይዝልኝ። ፊዚዮቴራፒስቷ ልጅ እግር ናት። አባባ ትለኛለች። አባባ! በሆሳዕና ከተማ ግማሹ ሰው ቲቸር የሚለኝን ሰውዬ።

ከአከርካሪ ግራና ቀኝ ያለው ጡንቻ በዕድሜ ይሳሳል፣ በመሐሉም ስብ ይገባል አለች። መቀመጥ ያባብሰዋል፤ ቢያሠሩት ግን በዚህ ዕድሜም ይጠነክራል። የኔ አጥንት ምንም አልሆነም አለች። ተቀምጬ ነው ጡንቻዬ የሳሳው። ይህንኑ ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ ስለ ሌላ ሰው ጡንቻ።

ከዚያ ፈተና። እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ከወንበር አምስት ጊዜ መነሳት። እያቃሰትኩ ሦስት ጊዜ ተነሳሁ። እማማም ይሞክሩ አለች። ታደለች ሳቀች፣ እምቢ አለች፣ ተለመነች፣ ሞከረች።

አንድም ጊዜ አልተነሳችም።

ቀልድ መሰለኝ። ተነሺ እንጂ፣ ሰው አታስቂብን አልኳት። በሰው ፊት! ልጅቷ የታደለችን ቀሚስ ከኋላ ገለጥ አደረገች። ከውስጥ መቀነት ወገቧ ላይ ሦስት ዙር ተጠምጥሟል፤ ሥጋዋ ላይ ታትሟል። ለካ ሕመሙ አምና እንሰት ስትፍቅ የጀመራት ነው። ዓመት ሙሉ። ዘንድሮ እንደዚያ ጎንበስ ብላ ከዋለች ጭራሽ አትነሳም አለች ልጅቷ። ፖስታውን ራሴ ይዤ ተመለስኩ።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ተቆጣሁ። ደግሞ የምቆጣው እኔ! ድንች እየላጠች ነበር፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

«ለአንድ ቤት አንድ በሽተኛ ይበቃል» አለች።

አፈርኩ። አፍሬም አላውቅ እንዲህ። ያ ሁሉ ጠዋት ተንበርክካ ጫማዬን ስታስር።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ፣ ማታ 1፡00

ቅዳሜ ሁለት እንሰት ይቆረጣል። ልጆቻችን ለመስቀል ሲመጡ የሚበሉት ቆጮ ከአሁኑ ተፍቆ ጉድጓድ ካልገባ አይደርስም። መፋቅ ማለት መሬት ተቀምጦ፣ አንድ እግር አንስቶ፣ እንሰቱን በተረከዝ ሳንቃ ላይ ተጭኖ በቀርከሃ መፋቂያ ቁልቁል መግፈፍ ነው። ቀኑን ሙሉ። ከገበያ እንግዛ አልኩ። ለመስቀል የገበያ ቆጮ! ቢላዋ ያነሳሁባት ይመስል አየችኝ። ጎረቤቶቿንም አትጠራም፤ ሁሉም በየጓሯቸው ሥራ ላይ ናቸው፣ ደግሞ አረጀች ይሉኛል ትላለች። እኔው ራሴ እፍቃለሁ፣ አንተ አርፈህ ተኛ አለች።

ወንድ እዚያ ድርሽ አይልም። አባቴ እንሰት በሚፋቅበት ቀን ወደ ጓሮ አይዞርም ነበር። እኔም አልዞርም። ወግ አክባሪ ነኛ! ወግ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ወንበር ላይ ጋዜጣ አነበብኩ።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 12፡40

ወንበሩን ጓሮ አውጥቼ ታደለችን አስቀመጥኳት። አለቀሰች፣ ተሳደበች፣ አታዋርደኝ አለች። መፋቂያውን ከእጇ ወሰድኩ። አጥሩ አጭር ነው። የጎረቤት ሰውዬ ጥርሱን እየፋቀ አየኝ፤ መፋቂያው አፉ ውስጥ ቀረ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ቲቸር ሴት ሆነ ይባላል። ገጠር ጃጁራ ያለው ወንድሜም ሳይመሽ ይሰማል። ይስማ! የሚስቶቻቸው ጀርባ ምን እንደሚመስል አንዳቸውም አያውቁም።

እንባዋን ጠርጋ ማዘዝ ጀምራለች። ተረከዝህን አጥብቅ፣ እንደሱ አይደለም፣ ቁልቁል ነው የምልህ፣ ደብተሩን አስቀምጥና