የሊቀመንበሩ ድምፅ ማጉያ

ሚያዝያ 14 ቀን 1973 ዓ.ም.

የድሬዳዋ ዝንብ ሻይ እንኳ አላስጠጣ አለችኝ። ብቻ ከቀበሌያችን ሊቀመንበር ትሻላለች፤ እሷ ስብሰባ አትጠራም። የእሱም የእጅ ድምፅ ማጉያ ከተበላሸ ወዲህ ሰፈሩ እፎይ ብሏል። ያ ደንቆሮ ከፍቶ እንኳ ሳያየው ለቆራሌው ጣለለት፤ እኔ ከቆራሌው ለማግኔቱ ብዬ ገዛሁት። ስከፍተው የተነቀለችው አንዲት ሽቦ ናት! በየድኳት፤ ሠራ።

የእህቴ ልጅ ሰዓዳ፣ «አብቲ (አጎቴ)፣ ለራሱ መልሰህ ሽጥለት» አለችኝ።

«ጆሮሽን በምራቂ ጨምሬ?» አልኳት። በታትኜ ነው የምሸጠው፤ ደህናውን ካገኘው እንቅልፋችን አለቀ።

ከመበታተኔ በፊት ግን አላስችል አለኝ። የሊቀመንበሩን ድምፅ አስመስዬ በመስኮት፣ «ጓዶች! ዛሬ ስብሰባ የለም፤ ተኙ!» አልኩበት። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ።

ይህን ስጽፍ በሩ ተንኳኳ። ሰዓዳ በቀዳዳ አይታ ተመለሰች።

«አብቲ፣ ራሱ ነው።»

ማጉያውን ገና አልበታተንኩትም።