በድምፅ ለላኩልን ውሃ የቀረበ ምስጋና

ለትምህርት ቤት ሠራተኞች የአእምሮ ዕረፍትና የጭንቀት ማስወገጃ ፕሮግራም አስተባባሪ
ጅጅጋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እንቅልፍዎ፣ የደም ግፊትዎ፣ የቢሮዎም የአየር ማቀዝቀዣ ደህና እንደሆኑ ጽኑ እምነቴ ነው። እኛ ከቱሊ ጉሌድ ወጣ ብሎ በሚገኘው ትምህርት ቤት የምናስተምር መምህራን፣ ከአዋራውና ከጉሮሯችን በቀር ደህና ነን። ተረጋጉ ተብለን በደብዳቤ ስለታዘዝን ተረጋግተናል። ያልተረጋጋ መምህር በምን እንደሚጠየቅ ደብዳቤው ባይገልጽም፣ ግልባጩ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ መደረጉን ባየን ጊዜ ሁላችንም በየፊናችን ፈጠን ብለን ተረጋጋን።

እኔ የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ነኝ። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ከመጣሁ ጀምሮ ይህን ያህል የታሰበልኝ ጊዜ ስለሌለ፣ ምስጋናዬን በአደባባይና በተራ ቁጥር ማቅረብ ግዴታዬ ሆኖ አገኘሁት።

አንደኛ፣ ደብዳቤያችንን ስላነበቡ እናመሰግናለን። ርዕሰ መምህራችን ወይዘሮ ፀዳለ ባለፈው ጥር በጻፉት ማመልከቻ፣ የትምህርት ቤቱ ቢርካ፣ ማለትም ውሃ የምናጠራቅምበት የሲሚንቶ ጉድጓድ፣ እስከ ወለሉ መድረቁን፣ ይሞላው የነበረው የውሃ ቦቴ መምጣት ማቆሙን፣ ተማሪዎች ከረፋድ በኋላ በጥም ምክንያት ወደ ቤት እየተመለሱ መሆኑን፣ በዚህም የተነሳ መምህራን ከፍተኛ ጭንቀት ላይ መውደቃቸውን ዘርዝረው ነበር። ማመልከቻው ከቢሮ ቢሮ ሲመራ ውሃውን የሚመለከት ክፍል ሳይገኝ ቀረ፤ ጭንቀቱን የሚመለከት ክፍል ግን ተገኘ፤ እርስዎ ነዎት፤ የመረጋጋት ሥልጠናም ላኩልን። ከአንድ ማመልከቻ ውስጥ የሚመቸውን መርጦ ምላሽ መስጠት ሁሉም ኃላፊ የሚችለው ነገር አይደለም።

ሁለተኛ፣ ስለ ትራንስፖርቱ ሳላመሰግን አላልፍም። ለቦቴው ነዳጅ የለም በተባለበት በዚያው ሳምንት የአሰልጣኞቹ ላንድክሩዘር አንዳች እክል ሳይገጥመው ደርሷል። አሰልጣኞቹም እኛን ላለማስቸገር የሚጠጡትን ሃይላንድ ውሃ ይዘው መጥተዋል። የጠቅላላ ሳይንስ መምህሩ ሚሊዮን በየጠርሙሱ ሥር የተረፈውን አጠራቅመው፣ ውሃ ቀለም የሌለው ፈሳሽ መሆኑን ለተማሪዎቻቸው በተግባር ለማሳየት ችለዋል። ተማሪዎቹ በትምህርቱ በጣም ከመማረካቸው የተነሳ ማሳያውን ጠጥተውታል።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ረዘም ይላል፤ ጥልቅ ትንፋሽ ወስደው እንዲያነቡት በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሥልጠናው የተሰጠው በእኔ ክፍል ነው። ተማሪዎቼ ግራሩ ሥር ወጥተው እንዲቀመጡ ተደረገ፤ እኛ ጫማችንን አውልቀን ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። አሰልጣኟ ወይዘሪት ሶልያና ደግና ጨዋ ሰው ናቸው፤ በእሳቸው ላይ ቅሬታ የለኝም። ዓይናችንን እንድንጨፍን፣ አየር ወደ ውስጥ በረጅሙ እንድንስብ ነገሩን። ሳብን፤ የሳብነው አየር አዋራ ስለነበር ሁላችንም አንድ ላይ አሳለን። ይህንንም ውስጣችን የታመቀው ጭንቀት እየወጣ ነው ሲሉ በደስታ ተረጎሙልን። ቀጥለውም በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ የምንጠቀምበትን ድምፅ ማጉያ ከስልካቸው ጋር አገናኝተው የወንዝ ድምፅ ከፈቱ።

ክቡር ሆይ፣ እንዴት ያለ ወንዝ ነበር! ይንዠቀዠቃል፣ ይንደቀደቃል፣ ከድንጋይ ድንጋይ ይወርዳል። የቆርቆሮው ጣሪያ ደግሞ ተቀብሎ እስከ መንደሩ ጫፍ አደረሰው። በእኛ አካባቢ ግን ወንዝ የለም። ውሃ እንዲህ ያለ ድምፅ የሚያሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቦቴው መጥቶ ቱቦውን ቢርካው ውስጥ ሲለቅ። ይህን አሰልጣኟ ሊያውቁ አይችሉም። እኛ እናውቃለን፤ ነገር ግን ዓይናችሁን ጨፍኑ ስለተባልን ጨፍነን ነበር።

ዓይናችንን የገለጥነው የጀሪካን መጋጨት ስንሰማ ነው። ክፍሉ በእናቶች ተሞልቷል፤ ደጁ በአህያ ተጨናንቋል፤ ሕፃን ያዘሉ፣ ድስት የያዙ፣ ከነማንኪያቸው የሮጡም ነበሩ። ወይዘሪት ሶልያና ሕዝቡ ለአእምሮ ሰላም ያለውን ጉጉት አይተው ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ቦታ ስጧቸው አሉን። በመካከሉ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ሁላችንም በሶማሊኛ አጎት ለማለት አዴር ሮብሌ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ፣ በሕዝቡ መሃል ሰንጥቀው ገብተው ድምፅ ማጉያውን አነሱት። ዞረው ከኋላው ቱቦ ፈለጉ። ዘቅዝቀው አራገፉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ ውሃ የለም ብላችሁ ልጆቻችንን መለሳችሁ። አሁን ግን በጆሮዬ ሰማሁት። የት አስቀመጣችሁት?»

የመጣልን ድምፁ ብቻ ነው ብዬ አስረዳኋቸው። ድምፁ ለምን እንደመጣ ጠየቁኝ። እኛ እንድንረጋጋ ነው አልኳቸው። ብዙ ድርቅ ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ በኀዘኔታ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና ወጡ። እኔም በዚያች ሰዓት አፈርኩ፤ ማፈር የነበረብኝ ግን እኔ አልነበርኩም።

አራተኛ፣ ጽሕፈት ቤትዎ በሪፖርቱ ላይ ያሰፈረውን ፎቶግራፍ አይተናል። ከሥሩ «የኅብረተሰቡ የነቃ ተሳትፎ» ይላል። ተሳታፊዎቹ ጀሪካን ለምን እንደያዙ ሪፖርቱ ባይገልጽም፣ ውጤቱ ከዕቅድ በላይ ተብሏል። ትምህርት ቤታችን አርአያ ተብሎ ተመርጧል፤ የወንዙም ድምፅ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች እንዲዳረስ ታዝዟል። ለዚህ ክብር የተሰማኝን ልክ በጨዋ አማርኛ ልገልጸው አልችልም።

ምክንያቱም ሪፖርቱ ያልያዘው አንድ ነገር አለ። አዴር ሮብሌ ቢያምኑኝም ሁሉም ሰው አላመነኝም። መምህራኑ ውሃ ደብቀው ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል የሚለው ወሬ በዚያው ቀን መንደሩን አዳረሰ። ኢፍራህ የምትባል ተማሪ አለችኝ፤ ከስምንተኛ ክፍል በሒሳብ የሚደርስባት የለም። እናቷ ልጅቷን ለእኔ ትተው ውሃ ፍለጋ ብቻቸውን ይሄዱ ነበር። አሁን ግን ውሃ ከሚሸሽግ ሰው ምን ትማራለች ብለው አስቀሯት። እሷም ስትቀር አብረዋት የሚቀመጡት ልጆች ቀሩ። ጠዋት ጠዋት አህያ እየነዱ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ያልፋሉ። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ አያለሁ፤ ኢፍራህ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። የክልል ፈተናው እየቀረበ ነው። ካመለጣት ወደ ትምህርት ገበታ የምትመለስ አይመስለኝም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ከልቤም ያናድደኛል። የተማርኩትን አተነፋፈስ በተደጋጋሚ ሞክሬዋለሁ፤ ንዴቱ አልወጣም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቦቴው ይላክልን። እናቶቹ ባሉበት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቱቦው ቢርካው ውስጥ ይለቀቅ። ድምፅ ማጉያ አያስፈልግም፤ ጆሯቸው ይሰማል። ያን ጊዜ ልጆቹ ይመለሳሉ፤ እኛም ያለ አሰልጣኝ እንረጋጋለን። ይህ ከፕሮግራምዎ ዓላማ ውጭ ከሆነ፣ ቦቴውን የሥልጠና መርጃ መሣሪያ ብለው መመዝገብ ይችላሉ። እኛ አንቃወምም።

በረጅሙ አየር ስቤ፣ ልጆቹ እስኪመለሱልኝም ድረስ ሳላስወጣ በመጠበቅ፣ ከማይናወጥ አክብሮት ጋር፣

ሰይፈ ባህሩ
የተረጋጋ መምህር
መጋቢት 2015 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ የአርአያነት ሽልማት ብለው የላኩልን የአበባ ተክሎች ትናንት በላንድክሩዘር ደርሰውናል። አብሯቸው የመጣው መመሪያ ጠዋትና ማታ ውሃ እንዲጠጡ ያዛል፤ አንዱ እንኳ ቢጠወልግ በዚያው ዕለት በስልክ ለጽሕፈት ቤትዎ እንድናሳውቅም በጥብቅ ያሳስባል። መመሪያውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ልጅ ስትቀር ለማን እንደሚደወል ግን አልተጻፈም።