ስላደገው የጉድጓድ ቧንቧ

ለተከበሩ ፓክ ዊርያዲ፣ የከርሰ ምድር ውኃ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

እንደምን ሰነበቱ? ቢሮዎ አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ እግርዎ ደረቅ መሆኑን አልጠራጠርም፤ እንደደረቀ ይዝለቅልዎ። እኔ ካስሙሪ፣ በጃቫ ሰሜናዊ ዳርቻ በተምባክዋንጊ መንደር ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ለበረዶ ፋብሪካው ሦስተኛ ጥልቅ ጉድጓድ ለመፍቀድ ሰኞ እንደሚፈርሙ ስለሰማሁ፣ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መንደራችሁን ውኃ የሸፈነው ባሕሩ ከፍ ብሎ እንጂ መሬታችሁ ሰምጦ አይደለም ብለው በደብዳቤ ስላስረዱን አመሰግናለሁ። ጥልቅ ጉድጓድ የሌለው ጎረቤት መንደር፣ ያንኑ ባሕር እየተጋራ ለምን ደረቅ እንደሆነ ግን ደብዳቤው ሳይነግረን አለቀ።

ሁለተኛ፣ መርማሪ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ሲቆፈር የብረት ቧንቧው አፍ ከመሬት እኩል ስለነበር ተማሪዎቼ ሳያዩት ይረግጡት ነበር፤ ዛሬ ደረቴ ላይ ይደርሳል። ቧንቧው ከታች ጠንካራ አፈር ይዞ ባለበት ሲቀር፣ ውኃው የተመጠጠበት መሬት በዙሪያው ወረደ። መርማሪዎ ግን ነዋሪዎቹ ቀጥለው አስረዝመውታል ብለው ጻፉ። ዓሣ ነጋዴዋ ቡ ሱማርኒ የተበየደበትን ቦታ እንዲያሳዩዋት ለመነቻቸው፤ ዙሪያውን ዳብሰው ሲያጡት፣ «ታዲያ ልጄ፣ ብረቱ ዛፍ ነው እንዴ በራሱ የሚያድገው?» አለቻቸው። ሪፖርቱ አልተለወጠም።

ሦስተኛው ላይ ጨዋነቴ ይፈተናል። ባለቤቴ ሙርቲናህ ያረፈችው በመንደሩ መቃብር ነው። ከረመዳን በፊት መቃብር ጠርጎ አበባ መበተን ልማዳችን ነው። እንደ ጎረቤቶቼ ሁሉ እኔም አፈር እየደለደልሁ የራስጌ ድንጋይዋን ሁለት ጊዜ ከፍ አደረግሁ። ዘንድሮ ከጉልበቴ በላይ ውኃ ውስጥ ቆሜ የበተንሁት አበባ እየተንሳፈፈ ወደ ፋብሪካው አጥር ሄደ። ጽሕፈት ቤትዎ መቃብሩን እንድናዛውር መክሮናል፤ ሙታን ለበረዶ ቦታ ይልቀቁ ማለት ነው። ሦስተኛው ጉድጓድ ከተቆፈረ ድንጋይዋም ይሰጥማል፤ ያን ጊዜ የት ቆሜ ዱዓ እንደማደርግላት አላውቅም።

ስለዚህ አይፈርሙ። ከዚህ ያማረ ቃል የለኝም።

ለምንጣፍዎ ድርቀትን፣ ለወንበርዎ ጽናትን ከልብ እየተመኘሁ፣ ሱሪዬን እንደሰበሰብሁ በታላቅ አክብሮት የምሰናበትዎ፣

ካስሙሪ

ማሳሰቢያ፦ ከመፈረምዎ በፊት ቤቴ መጥተው ሻይ እንዲጠጡ ጋብዤዎታለሁ። ወለሉን በየጊዜው በአፈር ስናሳድግ ጣሪያው ባለበት ስለቀረ፣ በበሩ የሚገባ ሁሉ አንገቱን ይደፋል። በተምባክዋንጊ ሰው ፊት አንገቱን የደፋ የመጀመሪያው ሹም ይሆናሉ፤ ይሉኝታ ባያስገድድዎ በሩ ያስገድድዎታል።