ከልጄ ጋር እንደማንዛመድ ላስረዳኝ የጥናት ማዕከል

ለተከበራችሁ የአንጎል ጥናት ማዕከል የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊዎች፤ እንደምን ከርማችኋል? ጤናችሁ፣ ቤታችሁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የማስታወስ ችሎታችሁ ደህና ይሁንላችሁ።

ሐምሌ 19 ቀን፣ ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ አብረው በሚታሰቡበት ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የጅጋ ሰዎች ደጄ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ልጄ ባምላኩ በዝናብ ከቤት ወጥቶ ከጅጋ በታች ወንዝ ዳር ወድቆ እንደተገኘ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። አርባ አራት ዓመቱ ነበር። መሬት ለኪ ሆኖ የገበሬውን ሁሉ ድንበር በቃሉ ያውቅ የነበረ ሰው፣ በመጨረሻ የእናቱን አጥር በር አጣው።

ሕመሙ እናንተ አልዛይመር የምትሉት የመርሳት በሽታ ነው። ባለቤቴ ዘሩ እጅጉ በዚሁ ሞቷል፤ ታናሽ ወንድሙ ወንዳወቅ እጅጉም ዛሬ በዚሁ ተይዞ ቡሬ ተኝቷል። ከሁለት ዓመት በፊት ባልደረቦቻችሁ ፍኖተ ሰላም ድረስ መጥተው፣ በዘር የሚወርደውንና ከብግነት የሚመጣውን ኮምፒውተር ይለይልናል ብለው የሁላችንንም ደም ወሰዱ። ምስጋናዬን እንዳይምታታባችሁ በቁጥር አስቀምጫለሁ።

1. ቅጻችሁ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ስም ስለሌለ፣ ጸሐፊያችሁ በቦታው የየአንዳንዳችንን አባት ስም ሞላበት። ኮምፒውተሩም ታዛዥ ነውና ባምላኩ ዘሩን፣ አጎቱን ወንዳወቅ እጅጉንና እኔን እታለም ሃይለ ሚካኤልን የሦስት ቤት ሰዎች አደረገን። በምትኩ አባቱ ዘሩ የሚባል አንድ የሽንዲ ገበሬ ለልጆቼ ወንድም አድርጎ ሰጠኝ። ያለ ምጥ ልጅ ስላገኘሁ አመሰግናለሁ፤ ጤነኛ ነው አሉኝ፣ እግዚአብሔር ያኑረው።

2. የሽንዲው ገበሬ ተቆጥሮ ከሦስት ወንድምና እህት የታመመው አንዱ ብቻ ስለሆነ፣ የባምላኩ ሕመም በዘር የመጣ ሳይሆን ከብግነት ነው የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ላካችሁልን። ብግነት ማለት ሰውነት ውስጥ ውስጡን እንደ ቁስል መቆጣቱ መሆኑን አስረዳችሁን፤ የድዱ ብግነት ከታከመ ሊሻለው እንደሚችልም ጨመራችሁበት። ሰባት ጊዜ ወደ ጥርስ ሐኪም አመላለስኩት። ልጄ በንጹሕ ጥርስ ተቀብሯል።

3. ወረቀታችሁን አምኜ የአጥሩን በር መቆለፍ ተውኩ። ሊሻለው ነው በተባለ ሰው ላይ ማን ይቆልፋል? ይህን ቁጥር ከጻፍኩ በኋላ ሦስት ቀን ብዕር አላነሳሁም፤ ስለዘገየሁ ይቅርታ።

4. ከአርባው በኋላ ውጤቱን እንደገና እንድታዩልኝ ስደውል፣ አንድ ጨዋ ወጣት ስሜን ፈልጎ ፈልጎ፣ «እማማ፣ ሲስተሙ ላይ ከሟቹ ጋር ዝምድና የለዎትም» አለኝ። የሰው ምስጢር ለባዕድ እንደማይሰጥም በትሕትና ነገረኝ። ኢየሉጣን ከልጇ፣ አብረው የተጣሉበት የፈላ ጋን እንኳ አልለያትም ነበር፤ እናንተ ግን ጋን ሳታፈሉ ቻላችሁበት።

ሴት ልጄ ሕሊና ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው። በወረቀታችሁ ነጻ ናት። ዛሬ ግን ቁልፍ ያስቀመጠችበት በጠፋት ቁጥር ፊቴን ታያለች፤ እኔም ዓይኔን አሸሻለሁ። ካሳ አልጠይቃችሁም። ማን ከማን እንደተወለደ የሰንበቴ አዛውንቶቻችን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩላችኋል። መጥታችሁ ጻፉ፤ ሒሳቡን እንደገና አሠሩት፤ የሚወጣው ክፉም ቢሆን በፖስታ ሳይሆን አጠገቧ ተቀምጣችሁ ለሕሊና ንገሯት።

ትጋታችሁን የማትረሳ፣ በመዝገባችሁ ከማንም የማትዛመድ፣

እታለም ሃይለ ሚካኤል
ከፍኖተ ሰላም

ከፊርማ በኋላ ያስታወስኩት፦ መልስ ስትልኩልኝ አባታቸው ሃይለ ሚካኤል የሚባሉትን ሁሉ ወንድምና እህት አድርጋችሁ እንዳትልኩብኝ፤ ለአንዱ ልጄም አልበቃሁም። ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምታነቡ ወገኖቼ ግን ልጄን በጸሎት አስቡልኝ። በማዕከሉ መዝገብ ቁጥሩ አራት መቶ አሥራ ሰባት ነው፤ የክርስትና ስሙ ወልደ ዮሐንስ ነው። እግዚአብሔር ዘንድ ሌላ ስም አይጠየቅም።