የአሥራ አንድ ዓመት የግብር ደረሰኝ

ለወንድም ጋሼ፤

የጌታ ሰላም ይብዛልህና እንዴት ከርመሃል? እትዬ ንግሥትስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔና ሩሃማ አለን። እናቷን ሮማንን ከቀበርን ወዲህ ልጅቷ ምግብ እንቢ ብላኝ ነበር፤ አሁን ትንሽ ትንሽ ትቀምሳለች።

የምጽፍልህ ስለ ቤቱ ነው። ይኸውልህ፣ የዘንድሮው የግብር ቢል ሳይመጣ ቀረ። አንተ ወደ ጎረቤት አውራጃ፣ ወደ ደላዌር ካውንቲ ስትሄድ፣ «የሊንደን ሰፈሩን ቤት ግብሩን እየከፈልክ ኑርበት፤ የኋላ ኋላ በስምህ አዞርልሃለሁ» ካልከኝ ጀምሮ አንድም ጊዜ አሳልፌ አላውቅም። ቅጣት እንዳይመጣብኝ ፈርቼ የአሥራ አንድ ዓመት ደረሰኜን ይዤ ዳውንታውን፣ መሃል ከተማ ያለው የካውንቲው ግብር ቢሮ ሄድኩ።

እግረ መንገዴን የሁለታችንን ካውንቲ ግብር አስተያዪልኝ አልኳት ጸሐፊዋን። «እናንተማ ፍራንክሊን ካውንቲ ተንፈላሳችሁ፣ እኔን እዚህ ግብር ገደለኝ» ስትለኝ ስንት ዓመት አዘንኩልህ! ለካ ከቤቱ ዋጋ ከመቶ ሲሰላ የእኛ ሰፈር ይበልጣል። የአንተ የበዛው ቤትህ ቤተ መንግሥት ስላከለ ነው። ደውዬ ልስቅብህ ነበር።

ከዚያ አድራሻችንን አስገብታ የባለቤቱን ስም አነበበችልኝ። የአንተ ስም አይደለም፤ የማላውቀው ካምፓኒ ነው። ተሳስተሻል ብዬ ደረሰኞቼን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኩ። አባታችን የተነጠቀውን መሬት በግብር ደረሰኝ ተሟግቶ እንዳስመለሰ የነገርከኝ አንተው ነህ። እሷ ግን እያዘነችልኝ፣ ይሄ መክፈልህን እንጂ ቤቱ ያንተ መሆኑን አያሳይም አለችኝ። ላም አለኝ በሰማይ ስል ኖሬአለሁ።

መቼ ተሸጠ ብዬ ጠየቅኳት። ኦክቶበር አሥራ ሰባት አለችኝ። ሦስት ጊዜ አስደገምኳት።

ወንድም ጋሼ፣ ያን ቀን ሮማንን አፈር ሳናለብሳት «ዳውንታውን ቀጠሮ አለኝ» ብለህ ስትሄድ፣ ለጀርባህ ሐኪም ጋ መስሎኝ ነበር። ፓስተሩን ለወንድሜም ጸልዩልኝ ብዬው፣ መቃብሩ ዳር ጉባኤው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ጸልዮልሃል።

ካምፓኒው እስካሁን ያላስወጣን፣ ሐዘን ላይ ናቸው ብለህ ቀን አስጨምረህልን ይሆናል። ለሩሃማ አልነገርኳትም። እኔ አፌ አልታዘዝ ብሎኛል፤ መጥተህ አንተው ንገራት።

ለእትዬ ንግሥት ሰላምታዬን አድርስልኝ። እግዚአብሔር አንተንም ቤትህንም ይጠብቅ።

ታናሽ ወንድምህ