ኮረብታው ላይ ያለው ሰው ዝም ሲል

ይድረስ በደላንታ ወገልጤና ለሚኖሩት ለውድ አባቴ ለአቶ አንለይ፤

አባዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ክረምት ሲገባ የሚነሳብዎ የጉልበት ቁርጥማትስ ዘንድሮ ራራልዎ? እትዬ ሕብረት እንዴት ናት? ከብቶቹስ፣ ጎረቤቱስ፣ ቀዬውስ ሰላም ነው? እኔም፣ ባለቤቴ እንዳለም፣ ልጆቹም ከእርስዎ ናፍቆት በቀር በሕይወት አለን፤ ፈጣሪ ይመስገን። ደኅና ነን ብዬ እንዳልዘጋው ግን ልቤ አላርፍ ብሎኛል። በስልክ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስንባባል መስመሩ እየተቆረጠ ከሚያናድደን ብዬ ወደ ደሴ በሚሄድ ሰው እጅ ይህችን ልኬአለሁ። የእትዬ ልጅ ሔለን ቀስ ብላ ታንብብልዎ።

ባለፈው ስንደዋወል «ያ ከኋላሽ የሚንኮሻኮሸው ምንድን ነው?» ብለውኝ ሳላስረዳዎ ተቋረጠ። ሬዲዮ ነው አባዬ፤ ዜና የሚያወራው ሳይሆን ሰው ከሰው የሚነጋገርበት። እዚህ አሶሳ ቦዔዝ የሚባል የኤሌክትሮኒክስ መምህር አለ፤ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ያለው እሱ ነው። ወጀብ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠፋው ስልክ ስለሆነ፣ በጎ ፈቃደኞች ሰብስቦ አሠለጠነን። አንዱ ከኮረብታ፣ አንዱ ከወንዝ ዳር፣ አንዱ ከመናኸሪያ ሆኖ ያየውን ይናገራል፤ ደመናው ከየት ተነሳ፣ ነፋሱ ወዴት ይነዳዋል፣ በረዶ ጣለ ወይ፣ ወንዙ ሞላ ወይ። የእኔ ስፌት ቤት ከፍታ ላይ ስለሆነች የሬዲዮውን ምሰሶ በጣሪያዬ ላይ ተከሉና፣ የሁሉንም ሰምቶ ለሁሉም ማድረስ በእኔ ላይ ወደቀ። እንዳለ መጀመሪያ ላይ «ደመና ለማየት ቀና ማለት አይበቃም?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

አሁን አይስቅም። የሆነውን ልንገርዎ።

በሆሞሻ መንገድ ካለው ኮረብታ ላይ የሚጠብቀው ዓብዱልላጢፍ የሚባል የበርታ ሰው ነው፤ ማሽላ ያርሳል። አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም፤ እኔን እንኳ «አንተ የሺ» ነው የሚለኝ። ከኮረብታው ግርጌ እነሱ ኾር የሚሉት ወንዝ አለ፤ እርስዎም ከሰፈራው ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል፤ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፣ በክረምት ሲቆጣ ግን ድንጋይ ያንከባልላል።

ባለፈው ቅዳሜ ስልክ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። ከእኛ በላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ እኔ እንዲያውም ልብስ አስጥቼ ነበር። ቀትር ላይ ዓብዱልላጢፍ ጠራኝ። «የሺ፣ ስማ! ከሱዳን በኩል ጥቁር መጣ። በረዶ ጥሎ ማንጎ ሰበረ። ኾር እየጮኸ ነው። መኪና አይምጣ በል!» አለኝ። ወዲያው መናኸሪያ ቲኬት የምትቆርጠውን ደራርቱን ጠራሁ። ሾፌሮቹ «በዚህ ፀሐይ ምን ዝናብ ታወሪያለሽ!» ብለው ቢጮኹባትም በሩ ላይ ቆማ አንድም መኪና አላስወጣ አለች።

ከሆሞሻ የሚመጣውንስ ማን ያስቁም? እዚያ ሬዲዮ የያዘ ሰው የለንም። እንዳለ ደግሞ በሚኒባሱ የገበያ ሰው ጭኖ በዚያች ሰዓት መንገድ ላይ ነበር። ዓብዱልላጢፍን «ወደ መንገዱ መውረድ ትችላለህ?» አልኩት። «እወርዳለሁ። ሬዲዮ በላስቲክ እጠቀልላለሁ። አትጥራኝ» ብሎ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አባዬ እንዴት ብዬ ልንገርዎ? ተቀመጥኩ ልበልዎ እንጂ አልተቀመጥኩም፤ የማይክሮፎኑ ገመድ እስከሚደርስልኝ ድረስ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ጎረቤቴ ቀነኒ «ባልሽ ጎርፍ ፊት ነው፣ አንቺ ከሳጥን ጋር ታወሪያለሽ! ተነሺ እንሂድ!» ብላ እጄን ጎተተችኝ። እውነቷን ነው፣ እግሬም ተነስቶ ነበር። ግን በዚያው ቅጽበት ባምባሲ ያሉት በጎ ፈቃደኞች ነፋስ ቆርቆሮ ገንጥሎ አንዲት ሴት ላይ እንደጣለ እየነገሩኝ አምቡላንስ ይለምናሉ። ትቼ ብሄድ ማን ይመልስላቸዋል? እሱን አደረስኩ። ከኮረብታው ግን ድምፅ የለም። እኛም ላይ ዝናቡ ደረሰ፤ ያሰጣሁትን ልብስ ነፋስ ወሰደው፤ ዞር ብዬም አላየሁት።

በመጨረሻ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸና «የሺ! የሺ! ይሰማሻል? የትኛውን ነው የምጫነው?» የሚል ድምፅ መጣ። እንዳለ ነው! ደስታዬ ግን ትንፋሼ እስኪመለስ እንኳ አልቆየም፤ የዓብዱልላጢፍ ሬዲዮ በእንዳለ እጅ ምን ያደርጋል?

ለካስ ዓብዱልላጢፍ በጭቃ እየተንሸራተተ መንገዱ ላይ ደርሶ፣ ነጭ ጀለቢያውን አውልቆ እያውለበለበ ሚኒባሱን አስቁሞታል። ከኋላ የመጣ ባለ ሞተር ግን አልሰማም ብሎ አልፏቸው ውኃው ውስጥ ገባ። ዓብዱልላጢፍ ሬዲዮውን ለእንዳለ ወርውሮለት ዘሎ የሰውዬውን ልብስ ያዘ፤ ሁለቱንም ውኃው ሲጎትት፣ የሚወርድ ግንድ መጥቶ እግሩን መታው። ተሳፋሪዎቹ የጭነት ገመድ ወርውረው ጎትተው አወጧቸው። ባለ ሞተሩ ተረፈ። የዓብዱልላጢፍ እግር ግን ከጉልበቱ በታች ተሰብሮ አጥንቱ ወጥቶ ነበር።

ቦዔዝ በዝናብ ሄዶ አንዲት ነርስ አመጣልኝ። እሷ በሬዲዮ «አትጎትቱት፣ አጥንቱንም ለመመለስ አትሞክሩ፤ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ በግራና በቀኝ እንጨት አድርጋችሁ እሰሩት» ትላለች፣ ወዲያ ማዶ እንዳለ «እሺ፣ እሺ» ይላል። ከዚያ መኪናውን አዙሮ ሆሞሻ ጤና ጣቢያ አደረሰው። ውኃው ሲጎድል ዓብዱልላጢፍ ወደ አሶሳ ሆስፒታል መጣ። ይድናል ብለውናል፤ ያለ ምርኩዝ ይሄዳል ግን አላሉንም።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ሚስቱ ሳና ፊት ለፊቴ ቆመች። «ውረድ ማን አለ?» አለችኝ። «እኔ ነኝ» አልኳት። «ባልህ መኪና ውስጥ ነበር፣ አወቅህ?» አለችኝ፤ እሷም እንደ ባሏ ነው የምትናገረው። «አዎ፣ አውቄ ነበር» አልኩ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ባሏ ገባች። አባዬ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እንዳለ መኪናው ውስጥ ባይኖር ኖሮ ዓብዱልላጢፍን እልከው ነበር? የሌላ ሰው ባል ቢሆንስ ያሽከረክር የነበረው? መቀስ ይዤ ጨርቅ ስቆርጥ እንኳ ይህ ጥያቄ እጄን ያሳስተዋል፤ የአንዷን ደንበኛ ቀሚስ አበላሽቻለሁ።

ከትናንት በስቲያ ሳና ስፌት ቤቴ መጣች። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ሬዲዮውን አሳይታኝ «ኮረብታ ባዶ ነው። እኔ እወጣለሁ። አስተምረኝ» አለች። «ልጆች አሉሽ» ብላት «አንተም ልጆች አለህ» አለችኝ። «መንገድ ላይ የሰው ባል አለ፣ የሰው ልጅ አለ።» አስተማርኳት። ከእኔ ፈጥና ነው የያዘችው።

አሁን ኮረብታው ላይ ያለችው እሷ ናት። ቦዔዝ ሆሞሻ ላይ ሬዲዮ የሚይዝ ሰው እየፈለገ ነው፤ ገና አላገኘም። እስከዚያ ድረስ ኾሩ ዳግም ሞልቶ መኪና ቢመጣ፣ ሳናን «ውረጂ» እላታለሁ ወይስ ዝም እላለሁ? እርስዎ በሰፈራው ጊዜ እዚህ የሰፋሪውን አምባ ሲመሩ ሰው ወደ ክፉ ቦታ መላክ ነበረብዎ። ያን ጊዜ እንዴት እንቅልፍ ይወስድዎ ነበር? ልጅ ሆኜ መጠየቁ አልመጣልኝም፤ አሁን ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ይህን እየጻፍኩ ጠራችኝ፤ እስክሪብቶውን ጥዬ ማይክሮፎኑን አነሳሁ። «የሺ፣ ደመና አለ። ትንሽ ነው። እያየሁ ነው» አለች። «እሺ ሳና፣ እዚያው ሁኚ» አልኳት። ሳቀች። «ገና ነው፣ ለምን ፈራህ?» አለችኝ።

እትዬ ሕብረትን ጉልበቷን ስሜአለሁ ብለው ሰላም ይበሉልኝ። ሔለን አንብባ ስትጨርስ ምርቃትዎን ይስጧት። ለወንድሜ ለአብይ ከነሚስቱ፣ ከእርሻ ሲገባ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እንዳለ እጅ ይነሳል፤ ጠዋት ጠዋት ሞተር ሳያስነሳ «ኮረብታው ምን አለ?» ይለኛል። ልጆቹም አያታቸውን ይስማሉ። መልስዎን በሔለን እጅ አስጽፈው ይላኩልኝ፤ ለጠየቅሁዎ መልስ ከሌለዎም እንደሌለዎ ይንገሩኝ፤ ብቻዬን አለመሆኔን ልወቅ።

ልጅዎ የሺሀረግ አንለይ
አሶሳ፣ ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.