ብቸኛ ቁጥሮችን በኮምፒውተር ያስለቀሙት መምህርት የሕይወት ታሪክ

ተማሪዎቻቸው «ቆይ እስቲ» የሚል ቅጽል ስም ያወጡላቸው የሒሳብ መምህርት አክስታችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በወንዝ ዳር ባለች ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በዚያው አጠናቀው ከመምህራን ኮሌጅ በሒሳብ ተመረቁ። በሃያ አራት ዓመታቸው የሚያስተምሩበትን ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ባለሙያ አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

አርባ ዓመት ሲሞላቸው ትምህርት ቤቱ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች በእርዳታ አገኘ። እሳቸውም ፕሮግራም መጻፍን በራሳቸው ተምረው በአንዲት ጠባብ ክፍል ማስተማር ጀመሩ። የትምህርት ቤቱ ቦርድ ግን «ይህ የጨዋታ ቤት ነው» ብሎ ክፍሏን ሊዘጋ ተነሣ። ከመዘጋቷ በፊት ሥራቸውን እንዲያሳዩ ሲፈቀድላቸው፣ ከአንድና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉትን ብቸኛ ቁጥሮች የሚለይ ፕሮግራም አዘጋጁ።

እስከ መቶ ያለውን ደጋግመው ፈትነውት ነበር። በዕለቱ ግን የቦርዱ ሰብሳቢ «እስከ ሁለት መቶ ይውጣልን» አሉ። ቁጥሮቹ ሲወርዱ ቦርዱ አጨበጨበ፤ የአክስታችን ፊት ግን ደም አጣ። መቶ ሃያ አንድ ከብቸኞቹ ጋር ወጥቷል፤ አሥራ አንድ ጊዜ አሥራ አንድ መሆኑን ማን ያጣዋል? ፕሮግራሙ የሚያካፍለው ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአምስትና ለሰባት ብቻ ነበር፤ ከዚያ በላይ አልጻፉለትም።

ርእሰ መምህሩ ጠጋ ብለው «እትዬ፣ ማንም ልብ አላለም፤ ስለ ፈጣሪ ይለፉት!» አሏቸው።

አክስታችን «ልጆቹ ነገ ያዩታል» ብለው ወደ ቦርዱ ዞሩ። «ስህተት አለበት። ማሽኑ ምን ያድርግ፣ የነገርኩትን ነው የሠራው፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ሰብሳቢው ፊታቸውን አጨፍግገው «ሻይ ጠጥተን እስክንመለስ ያቃኑት፤ አለዚያ ክፍሏ ተዘጋች» አሉ።

ማሽኑ ራሱ ባገኛቸው ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ እያካፈለ እንዲሄድ አድርገው ጻፉት። በጥድፊያ ሁለት ጊዜ ተሳስተው አረሙት። ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆመው የሚመለሱትን ይጠብቁ ነበር። ቦርዱ ገብቶ ሲቀመጥ ቁጥሮቹ እንደገና ወረዱ። መቶ አሥራ ሦስት ላይ ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ቀጥሎ መቶ ሃያ አንድ ተዘሎ መቶ ሃያ ሰባት ብቅ ሲል ሁሉም ተነፈሰ።

ሰብሳቢው «ሴትዮዋ ለራሷም አታዳላ! በሉ፣ ክፍሏ ትቆይ» አሉ።

አክስታችን ጡረታ እስኪወጡ በዚያች ክፍል አስተማሩ። ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል። አስከሬናቸውን ዛሬ የተሸከሙት በዚያች ክፍል የተማሩ ናቸው። እውነትን የሚወድ አምላክ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ጥላ ያሳርፍልን፤ የቀረነውንም ያጽናን።